«ጤዛ»ን ጎንደር ላይ ሆኖ ማየት፦ የአንድ ሰው ትዝታና የአገር ታሪክ

የራስ ግንብ ጎረቤት

ሰላም እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ፊልም ከጓደኞቼ ጋር አየነው። አንዳንዶቻችን ድሮ አይተነዋል፤ ሌሎቹ ገና አሁን ነው። ሲያልቅ ክርክር ተነሳ። ክርክሩ ደስ ስላለኝ ወደዚህ አመጣሁት።

ላላያችሁት ባጭሩ። አንበርብር ጀርመን አገር ሕክምና የተማረ ሰው ነው። ንጉሡ ከወረዱ በኋላ አገሬን ላገልግል ብሎ አዲስ አበባ ይገባል። የጠበቀው ግን ስብሰባ፣ ሂስና ግለ ሂስ፣ ግድያ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይላካል። በመጨረሻ በ1982 ዓ.ም. ገደማ አንድ እግሩን አጥቶ፣ ጣና ዳር ወዳለው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። እናቱ አርጅታለች። ደርግ ሊወድቅ ነው። ወታደሮች የገበሬ ልጆችን ያፍሳሉ። እሱ ሌሊት ሌሊት ይቃዣል፤ እናቱ ጸበል ትወስደዋለች።

ፊልሙ ይሄን ሁሉ በቅደም ተከተል አይነግረንም። የእናቱ ግቢ ቆይተን ድንገት ኮሎኝ የተማሪዎች ክርክር ውስጥ እንገባለን። ከዚያ ልጅነቱ። ከዚያ አዲስ አበባ። ከዚያ ተመልሰን ጣና ዳር። ከጓደኞቼ ሁለቱ «ግራ አጋባን» አሉ።

እኔ ግን ትክክለኛው አነጋገር ይሄ ነው ባይ ነኝ። አያቴን ዓመተ ምሕረት ብትጠይቋት አትነግራችሁም። «ሁለተኛ ልጄን የተገላገልኩት መሬት ላራሹ በታወጀ በክረምቱ ነው» ትላለች። «ወንድሜ የሞተው በመላኩ ጊዜ ነው።» «ቤቱን ቆርቆሮ ያለበስነው ኢሕአዴግ በገባ በዓመቱ ነው።» የራሷን ዕድሜ የምትቆጥረው በአገሪቱ ላይ በደረሰው ነገር ነው። ወሊዷም ኀዘኗም ቤቷም ከአዋጅ፣ ከጦርነትና ከመንግሥት ለውጥ ጋር ታስሯል። አንዱን ሳይነኩ ሌላውን መተረክ አይቻልም። «ጤዛ» ያደረገው ይሄንኑ ነው። ታሪክን ከላይ፣ ትዝታን ከሥር አላስቀመጠም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ደምቢያ ነኝ

ወንድሜ፣ አያትህን እግዜር ያቆይልህ። በፊልሙ ግን አልስማማም።

መንደሩ ደስ ይላል። ሐይቁ፣ ጭጋጉ፣ የሴቶቹ አነጋገር፣ ሁሉም የኛው ነው። እናቱ ስትናገር የራሴን አክስት የሰማሁ መሰለኝ። ችግሩ የታጨቀው ነገር ብዛት ነው። የጣሊያን ጦርነት አለ። የሁለቱ የግራ ፓርቲዎች፣ የኢሕአፓና የመኢሶን ጠብ አለ። የነጮቹ ዘረኝነት አለ። አፈሳው አለ። ሰፈሩ ያገለላት የአዛኑ መከራ አለ። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሙሉ ሁሉም በአንድ ድስት ነው የተጣደው። አንዱን ሳላዝንለት ወደ ሌላው ይጎትተኛል።

ትዝታ ይዘላል፤ እሺ። ተመልካቹ ግን መያዣ ይፈልጋል። እናቴ ጋር አይቼው ነበር። እሷ ጣሊያንንም፣ ንጉሡንም፣ ደርግንም ያየች ሰው ናት። ግማሹ ላይ «ይሄ ልጅ አሁን የት ነው ያለው?» እያለች ስትጠይቀኝ ነበር። የኖረችበትን ታሪክ መከተል ካቃታት ፊልሙ ለማን ነው የተሠራው?

ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ እኔም ልናገር።

በ1969 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከክፍል ጓደኞቼ መካከል ዛሬ የሌሉትን ስም ዝርዝር እዚህ አልጽፍም፤ ቤተሰቦቻቸው አሉ።

«ጤዛ»ን መጀመሪያ ያየሁት ልጄ አምጥቶልኝ ነው። የስብሰባው ትዕይንት ላይ ሲደርስ ቆሜ ነው የጨረስኩት። አንበርብር ግለ ሂስ አድርግ ሲባል የሚሆነውን አይታችኋል? የተማረ ሰው ነው፤ ቋንቋ ያውቃል፤ ግን የሚፈለግበት እውነት ሳይሆን ቃሉን መድገም ብቻ ነው። እንደዚያ ነበር። በአንድ ገበታ የበሉ ልጆች «አድኃሪ» እና «አናርኪስት» በሚሉ ቃላት ተገዳደሉ። መኢሶን መጀመሪያ ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ ሰጠ፤ ኢሕአፓ ተቃወመ። በ1969 ክረምት መኢሶንም ራሱ ኅቡዕ ገባ። ከዚያ በኋላ የሁለቱም ልጆች ታደኑ። ወላጆች ግን የትኛው የማን እንደሆነ አያውቁም ነበር። የሚያውቁት ልጃቸው ወደ ቤት አለመመለሱን ብቻ ነው።

ደምቢያ ነኝ ያልከው ልጅ፣ እናትህ «አሁን የት ነው ያለው?» ማለታቸው ይገባኛል። በዚያ ዘመን እናቶች ሁሉ የሚጠይቁት ይሄንኑ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊልሙ አብዮቱን የሚያሳየን አዲስ አበባ ላይ ነው። የጎንደር ቀይ ሽብር በውስጡ የለም። ጎንደር የራሷን ታሪክ የያዘችው በሁለት ስንኝ ነው።

«መላኩ ተፈራ የእግዜር ታናሽ ወንድም፤
የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም።»

ይሄን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። መላኩ የደርግ የጎንደር አስተዳዳሪ ነበር። ግጥሙ የአንዲት እናት ልመና ነው፤ ከዚህ በላይ የግል ነገር ምን አለ? አገር ሁሉ ግን የዘመኑ ታሪክ አድርጎ ያዘው። የራስ ግንብ ጎረቤት የጀመርከው ነገር ላይ የምለው ይሄ ነው። ኃይሌ አዲስ ነገር አልፈጠረም። እናቶቻችን ቀድመውት ሲያደርጉት የኖሩትን ወደ ሲኒማ አመጣው።

የራስ ግንብ ጎረቤት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ይሄን ግጥም ከፊልሙ ጋር አያይዤ አስቤው አላውቅም ነበር።

ፒያሳ ቡና

ጋሼ ካሉት ልቀጥል። ፊልሙ ውስጥ ልጆቹ የሚጫወቱበትን ተራራ ታስታውሳላችሁ? የሙሶሊኒ ተራራ የሚሉትን፣ ጣሊያን ያቆመው ሐውልት ያለበትን። የአንበርብር አባት ጣሊያንን ሲዋጋ ነው የሞተው። ልጁ ደግሞ እዚያ ሐውልት ሥር ሩጫና ድብብቆሽ። ጎርጎራ የሄደ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ኮረብታው ላይ እስካሁን የጣሊያን ሐውልት አለ፤ ከሥሩ ጣና ተዘርግቷል።

እኛስ ከተማ? ፒያሳ ላይ ቁጭ ብለን ማኪያቶ ስንጠጣ ፖስታ ቤቱም ሲኒማ ቤቱም ጣሊያን የሠራቸው ናቸው። ጎንደር የጣሊያን «አማራ» የሚባለው ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ንጉሡ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ጎንደር ግን ያኔ ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ቁልቋል በር ከወደቀ በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ወደ ሰባት ወር ገደማ! አዲስ አበባ የነፃነት በዓል ስታከብር እዚህ ሰው ይሞት ነበር። በትምህርት ቤት የተማርነው ቀንና የአያቶቻችን ቀን የማይገጥመው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ደምቢያ፣ «የጣሊያን ጦርነት ለምን ገባ» ስትል እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ለዚህ አካባቢ ሰው አብዮቱን ከጣሊያን ለይቶ መናገር ይከብዳል። አባቱን ጣሊያን የገደለበት ልጅ፣ አገሬን ልታደግ ብሎ አውሮፓ ተማረ፤ እዚያው አውሮፓ ደግሞ በቀለሙ ምክንያት ተደበደበ። ሁለቱ አንድ ታሪክ ናቸው። ኃይሌ ያጨቃቸው አይመስለኝም፤ እዚያው አብረው ነው ያገኛቸው።

ኃይሌ ራሱ የጎንደር ልጅ ነው፤ በ1938 ዓ.ም. ነው የተወለደው። አባቱ አባ ገሪማ ታፈረ መምህርና ቲያትር ጸሐፊ ነበሩ። ስለ ጎንደር አርበኞች «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ ናቸው። አባት አርበኞቹን በመጽሐፍ፣ ልጅ የአርበኛውን ልጅ በፊልም።

ኮሎኝ ያለሁት

ሰላም ከጀርመን። ይሄን ክር ሳነብ ሻይዬ ቀዘቀዘ።

ስለ ጀርመኑ ክፍል ትንሽ ልበል። ብዙ ሰው ስለ አገር ቤቱ ብቻ ነው የሚያወራው። እነዚያ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ተኮልኩለው ስለ ማርክስና ስለ ጭሰኛው ሲከራከሩ፣ ሲዘፍኑ፣ ሲፋቀሩ ያለው ትዕይንት ፍጹም እውነት ነው። እዚህ ያሉ ሸምገል ያሉ ሰዎች ያንን ዘመን ሲያወሩ ዓይናቸው ያበራል፤ ከዚያ ወዲያው ዝም ይላሉ። ፊልሙም እንደዚያ ያደርጋል። ደስታውን አሳይቶ ይቆርጠዋል።

ድብደባው ደግሞ ሌላ ነው። አንበርብር እግሩን ያጣው አገሩ ላይ አይደለም። ምሥራቅ ጀርመን፣ ሶሻሊስት በሚባለው አገር፣ ዘረኛ ወጣቶች ደብድበው በመስኮት ወርውረውት ነው። ወጥቶ ሲማር ያመነበት ሐሳብ አገሩ ላይ ጓደኛውን ተስፋዬን ገደለበት። የዚያው ሐሳብ አገር ደግሞ እሱን አካል ጉዳተኛ አደረገው። ይሄ አንድ ሰው ላይ የደረሰ ነገር ነው፤ ግን የአንድ ትውልድ ታሪክ ማለትም ነው።

እኔን የሚያስለቅሰኝ የተስፋዬ ልጅ ነው። ጀርመን ከእናቱ ጋር የቀረው። አባቱ አገር ላገልግል ብሎ ሄዶ አልተመለሰም። እዚህ የሚያድጉ ልጆቻችን «አባዬ ለምን እዚህ መጣህ?» ሲሉ የምንመልሰው ይጠፋናል። ከኢሕአፓ እንጀምር? ከአፈሳው እንጀምር? ልጄ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ይሄን ፊልም አሳየሁት። ብዙ አልገባውም። ግን ከዚያ በኋላ ስለ አያቱ መጠየቅ ጀመረ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የፊልሙ ካሜራ ባለሙያ ማርዮ ማሲኒ ጣሊያናዊ ነው። የሙሶሊኒን ተራራ በጣሊያናዊ ዓይን አንስቶ ለኢትዮጵያዊ ታሪክ ማዋል ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

ካሜራ በእጄ

እኔ የፊልም ተማሪ ነኝ፤ ጎንደር ነው ያደግኩት። ክሩን ከላይ እስከታች አነበብኩት። ጥያቄ አለኝ።

ስለ አያቴ አጭር ፊልም ልሠራ ነው። ያለኝ ስልክና አንድ ትንሽ ማይክ ብቻ ነው። ስጀምር ግን ሁልጊዜ እንደ ቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ይሆንብኛል። ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ከዚያ የሰው ንግግር ታወራለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም አልፏል» ብላ ትዘጋዋለች። እንዴት ላድርግ?

የራስ ግንብ ጎረቤት

እህቴ፣ ወንበሩን ተይው። ሥራ ላይ ሳለች ቅረጫት። ቡና ስትቆላ፣ በርበሬ ስትቀነጥስ። እጇ ሥራ ሲይዝ አፏ ይፈታል። ስለ ዘመኑ በቀጥታ አትጠይቂያት። ስለ ዕቃ ጠይቂያት። «ይሄ ሳጥን ከየት መጣ?» «ይሄ ፎቶ ላይ ያለው ሰው ማነው? ለምን ግማሹ ተቀደደ?» ደርግ፣ ጣሊያን፣ ስደት፣ ሁሉም ከዕቃው ይወጣል። «በቀይ ሽብር ጊዜ ምን ተሰማዎት» ያልሽ እንደሆነ የምታገኚው የሬዲዮ መልስ ነው።

ድምፁን ለብቻው በደንብ ያዢ። ሥዕሉ ቢደበዝዝ ይቻላል፤ ድምፁ ከተበላሸ ግን ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ማንም ሳያወራ የክፍሉን ድምፅ ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ቅረጪ። ኤዲት ስታደርጊ ያድንሻል። ስትቆርጪ ደግሞ ዝምታዎቹን አትጣያቸው።

ኃይሌም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ብዙ ገንዘብ አልነበረውም። ስለ ጭሰኛና ባላባት የሠራውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ያነሳው በ1966 ገደማ፣ ሥርዓቱ እየፈረሰ ሳለ፣ ገና ካሊፎርኒያ ተማሪ ሆኖ ነው። «ጤዛ»ን ለመጨረስ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫልን ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ያገኘው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በ2001 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ዋና ሽልማት ወሰደ። አንቺም ቶሎ አትቸኩዪ።

ካሜራ በእጄ

አመሰግናለሁ። አንድ የከበደኝ ነገር አለ፣ ልናገረው።

አንድ ጊዜ ቡና እየቆላች ሳለ አወራች። ወንድሟን ማን እንደጠቆመው ስሙን ጠራች። ያ ሰው ሞቷል። ልጆቹ ግን እኛው ሰፈር ናቸው። ከእኛ ጋር በአንድ ዕድር ናቸው። አያቴ ለቅሷቸው ላይ እንጀራ ተሸክማ ሄዳለች። ቀረጻው እጄ ላይ አለ። ፊልሙ ያለዚያ ስም ጎዶሎ ይሆንብኛል። ከስሙ ጋር ደግሞ ሰፈር ውስጥ እሳት መለኮስ ነው።

አዘዞ

ስሙን አስገቢው። ዝም እያልን ነው እዚህ የደረስነው። ገዳይም ተገዳይም እኩል «ዘመኑ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ዘመን ሰው አይጠቁምም፤ ሰው ነው የሚጠቁመው። አያትሽ ስሙን የጠራችው እንዲቀር ስለፈለገች ነው።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ አዘዞ፣ ንዴትህ እውነት ነው። እኔም ወንድም አጥቻለሁ። ነገር ግን ሁለት ነገር እንለይ።

በ1984 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቁሞ ምርመራ ተደርጓል። ምስክር ተሰምቷል፤ ሰነድ ቀርቧል። በ1999 መንግሥቱን ጨምሮ የደርግ ባለሥልጣናት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተብለዋል። የእነዚያን ስም መጥራት የታወቀ ነገር መናገር ነው። ሰፈር ውስጥ «እሱ ነው የጠቆመው» የሚባለው ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ሰው በድብደባ ብዛት ጓደኛውን ጠቁሟል። በሐሜት ያልሠራውን የተሸከመም አለ። የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም፤ ልጆቹም አልጠቆሙም።

ልጄ ካሜራ በእጄ፣ የምመክርሽ ይሄ ነው። ሙሉውን ቀረጻ ስሙ ሳይነካ አስቀምጪው። ሁለት ቦታ አስቀምጪው። ለቤተሰብሽ ነው። ለሰው በሚታየው ፊልም ላይ ግን ስሙን አውጥተሽ የቀረውን ሁሉ ተዪ። የቡናው ቁላት፣ የአያትሽ ድምፅ፣ «ያ ሰው» ማለቷ፣ ለቅሶው ላይ እንጀራ ተሸክማ መሄዷ። እኔን ብትጠይቂኝ ከስሙ ይልቅ እንጀራው ነው ትልቁ ታሪክ። ገድሎ አስገድሎ አብሮ መኖር እንዴት ተቻለ? ይሄን ከተማ የማያውቅ ሰው የማይገባው ይሄ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አያትሽን ራሷን ጠይቂ። የእሷ ኀዘን ነው፤ ይታይ አይታይ የምትወስነውም እሷ ናት። ቆርጠሽ ከጨረስሽ በኋላ ደግሞ ለብቻዋ አሳዪያት።

አዘዞ

ጋሼ፣ አልተስማማሁም፤ ግን አክብሬ ሰምቻለሁ። ሙሉው ቀረጻ ይቀመጥ በሚለው ግን እስማማለሁ። እሱ ከጠፋ ሁሉም ነገር ይጠፋል።

ፒያሳ ቡና

እኔ የጋሼን እደግፋለሁ። «ጤዛ»ም ላይ ተስፋዬን የሚገድሉት የታወቀ ስም ያላቸው ሰዎች አይደሉም፤ ግር ብሎ የመጣ ሰው ነው። ያ ያስፈራኛል። አንድ ክፉ ሰው ቢያሳየኝ እሱን ጠልቼ እገላገል ነበር።

ካሜራ በእጄ

ጋሼ፣ አልረሳውም። ቅዳሜ አያቴ ጋ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ያለ ካሜራ ነው የማወራት። እሺ ካለችኝ እርስዎንም ስለ 1969 ብጠይቅዎ ደስ ይለኛል።

ጡረተኛው መምህር

ነይ። የትምህርት ቤት ፎቶዎች አሉኝ። ከኋላቸው ስም ተጽፏል።

ደምቢያ ነኝ

ክሩ ከጀመርነው ቦታ ርቆ ሄደ፤ ጥሩ ነው። ግን ያልኩትን አልተውኩም። ፒያሳ ቡና ስለ ጣሊያን ያልከውን ተቀብያለሁ፤ ተራራው ይቆይ። የጀርመኑ ክርክር ግን ግማሹ ቢወጣ ፊልሙ አይጎዳም። ተማሪዎቹ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ነው የሚሉት።

እኔ የቀረብኝ አዛኑ ናት። ሰፈሩ ያገለላት፣ የአንበርብር እናት ያስጠጋቻት ሴት። በእሷ ላይ የደረሰውን ለማያውቁ አልናገርም። ጀርመን ያልሄደች፣ ስብሰባ ያልተቀመጠች፣ ፓርቲ የሌላት ሴት ናት። ታሪኩ ሁሉ እሷም ላይ ወድቋል፤ ግን የእሷን ትዝታ ከውስጥ አናየውም። የምናየው ሁልጊዜ የአንበርብርን ነው። የተማረው ሰው ሲቃዥ ካሜራው ከቅዠቱ ጋር ይሄዳል። እሷ ስትቃዥ ከውጭ ነው የምናያት። ካሜራ በእጄ፣ ያንቺ ፊልም ከአያትሽ ጎን ስለሚጀምር ይሄን ልትሞዪው ትችያለሽ። ሲያልቅ እዚሁ ለጥፊልን፤ እናቴ ጋር አየዋለሁ።